በበረዶ ዘመን ጣና የት ነበር? ጮቄስ ምን ይመስል ነበር?

የሲናን መምህር

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ወዳጆች። በጮቄ ተራራ ግርጌ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለፈው ኅዳር አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ያለው የድንች ማሳ ጠቁሮ አገኘሁት። ሌሊቱን ውርጭ መትቶት ነው። ቅጠሉን በጣቴ ብነካው እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰ፤ ፀሐይ ባልደረሰበት በኩል ግን አመዳዩ ገና ስላልቀለጠ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። የዕለቱ ርዕስ የበረዶ ዘመን ስለነበር ተማሪዎቹን አውጥቼ ማሳውን አሳየኋቸውና ከዚያው ጀመርኩ።

ከዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ በፊት የዓለም ባሕር ከዛሬው ጠለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንደነበር ሳስረዳ፣ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ያን ያህል ውሃ የት ገባ?» አለችኝ። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ምድር ላይ በረዶ ሆኖ ተቆልሎ ነበር አልኳት። አልተቀመጠችም። «የእኛስ ውሃ? ጣናና አባይስ ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

ይህን መመለስ አቃተኝ፤ ጠይቄ እነግርሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። የመማሪያ መጽሐፉ ስለ ካናዳና ስለ ስዊድን በረዶ ይናገራል፤ ስለ ጎጃም አንድ መስመር የለውም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ። ጣና ምን ሆኖ ነበር? ጮቄ ምን ይመስል ነበር? ሰውስ ይኖርበት ነበር?

ደንገል

መምህር፣ ልጅቱን አመስግኑልኝ። የጠየቀችው የተመራማሪ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ጣና ደርቆ ነበር።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ የተማርኩትም የመሬት ሳይንስ ነው። ጣናን ከዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ማለቂያ የሌለው ይመስለዋል፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነውና አይፈረድበትም። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በትሪ ላይ እንደ ተቀመጠ ውሃ ቁጠሩት። በዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከላዩ ይተናል። ዝናቡና ገባር ወንዞቹ ቢቋረጡ አሥር ዓመት እንኳ አይቆይም።

ይህ በግምት የተባለ አይደለም። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ቧንቧ ወደ ታች ሰድደው የጭቃ ዓምድ አወጡ፤ ውጤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታተመ። ያ ጭቃ ከላይ ወደ ታች እንደ መጽሐፍ ይነበባል። የላይኛው ክፍል በረጋ ውሃ ውስጥ የሚዘቅጥ ለስላሳ የሐይቅ ጭቃ ነው። ከሥሩ የረግረግ ተክል ብስባሽ ይመጣል፤ ደንገል ጭምር። ከዚያ በታች ያለው ግን ጠንካራ ነው፤ በፀሐይና በነፋስ የደረቀ ደለል። ያ የደረቀ መሬት የተገኘው ዛሬ ጀልባ በሚያልፍበት በሐይቁ መካከል ነው። ዘመኑ ከዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቀጥሎ ረግረግ ሆነ፤ ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ ተመለሰና ሐይቁ ሞልቶ በአባይ በኩል ፈሰሰ።

ልጅ ሳለሁ ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት ይዘው የሚመጡትን ሰዎች እያየሁ፣ ታንኳው የሚሠራበት ተክል ከሐይቁ ዳር ብቻ የሚበቅል ይመስለኝ ነበር። የሐይቁ መካከል ራሱ የደንገል ጫካ የነበረበት ዘመን እንዳለ ሳነብ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ባለ ተሳቢው

እኔ የቡሬ ሰው ነኝ፤ ወደ ጅቡቲ ስመላለስ 11 ዓመቴ ነው። ትምህርቴ ብዙ አይደለምና ጥያቄዬን በትዕግሥት ያዙልኝ። በረዶ ካለ ውሃ አለ ማለት ነው። ታዲያ በረዶ በበዛበት ዘመን ጣና እንዴት ደረቀ? ነገሩ እርስ በርሱ ተጣላብኝ።

ደንገል

ጋሼ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የእኛ ክረምት የሚመጣው ከውቅያኖስ ነው። የውቅያኖሱ ፊት ሲሞቅ ብዙ ይተናል፤ ሲቀዘቅዝ ትነቱ ያንሳል፤ ደመናውም ይሳሳል። በዚያ ላይ በሰሜን አትላንቲክ ከየብስ እየተገመሰ የገባው በረዶ ባሕሩን ሲያቀዘቅዘው፣ በምድር ወገብ ዙሪያ ከፍ ዝቅ የሚለው የዝናብ መቀነት ወደ ደቡብ ሸሸ። ሐምሌና ነሐሴ በቅጡ ሳይዘንብባቸው የሚያልፉ ዘመናት ማለት ነው። የቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቋል።

የአውሮፓ ሰው የበረዶ ዘመን ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት ነጭ ግግር ነው። ለጎጃም ግን የጥም ዘመን ነበር። እኔ ከዚህ ሁሉ ልጆች እንዲይዙልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። መጽሐፎቻችን የሰሜኑን በረዶ ብቻ ስለሚያሳዩ፣ ያ ታሪክ እኛን የማይመለከት ይመስላል።

የሲናን መምህር

እት ዓለም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ውሃው የት ገባ» ለሚለው እኔም ዛሬ በጠመኔ አስልቼ ነበር። የውቅያኖሶች ስፋት 361 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በ120 ሜትር ሲባዛ በግርድፉ 43 ሚሊዮን ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ውሃ ይሆናል። ጣና የሚይዘው 28 ገደማ ነው። ስለዚህ በሰሜን ተቆልሎ የነበረው በረዶ አንድ ሚሊዮን ተኩል ጣና ይሞላ ነበር! ካናዳ ላይ ውፍረቱ ሦስት ኪሎ ሜትር የደረሰበት ቦታ ነበረ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል አባይ በረሃን አይታችሁ ታውቁ የለም? ያ ሸለቆ እስከ አፉ ቢሞላ፣ በላዩም ሌላ ሸለቆ ቢደረብበት እንኳ እዚያ ውፍረት ላይ አይደርስም።

ባለ ተሳቢው

ያን ያህል ሸክም መሬቱ እንዴት ቻለው?

የሲናን መምህር

አልቻለውም፤ ሰመጠ። በረዶው ከቀለጠ በኋላ እስከ ዛሬ ድረስ እየተነሣ ነው። በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ባለው የቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ መሬቱ በዓመት ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይወጣል። አባቶች ጀልባ ያስሩበት የነበረው ቦታ ለልጅ ልጆች ሜዳ ይሆናል።

ባለ ተሳቢው

ገባኝ! 40 ቶን ጭኜ ስወጣ ባሌስትራው ይተኛል፤ ወደብ ላይ ሲራገፍ ቀስ እያለ ይነሣል። የምድሩ ባሌስትራ ግን ለመነሣት ሺህ ዓመታት ይፈጅበታል ማለት ነው።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራ ስጠብቅ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ያ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ሲሸሽ ብዙ መሬት ይገለጣል። 120 ሜትር ከሸሸ ታዲያ ሰዎች በእግራቸው ወደ የመን ተሻግረው ይሆን? መኪና ላይ ሆነን የምንከራከርበት ጉዳይ ነው።

ዳሞት

ይህን ለእኔ ተዉልኝ። ፍኖተ ሰላም ተወልጄ አርኪዮሎጂ አጥንቻለሁ፤ የምወደውም ርዕስ ይህ ነው።

ወንድም ዓለም፣ ባብ ኤል መንደብ ተዘግቶ አያውቅም። በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው የባሕሩ ደፍ 137 ሜትር ጥልቀት አለው። ባሕሩ 120 ሜትር ሲወርድ ከደፉ በላይ የቀረው ውሃ ከ20 ሜትር አይበልጥም፤ የመተላለፊያው ስፋትም እጅግ ጠብቧል። ይህንንም የምናውቀው ከጨው ነው። ቀይ ባሕር በዚያች ጠባብ በር የሚገባለት ውሃ ሲያንስ፣ ፀሐዩ ሳያቋርጥ ሲያተነው፣ በጣም ጨዋማ ሆነ። ባሕሩን ሞልተውት የነበሩት ጥቃቅን ፍጥረታት መኖር አቃታቸው፤ በወለሉ ደለል ውስጥ የዚያ ዘመን ሽፋን ላይ ቅርፊታቸው ይጠፋል። በሩ ግን ጭራሽ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ቀይ ባሕር እንደ አሳሌ የጨው ሜዳ ይሆን ነበር። ስለዚህ በደረቅ እግር አልተሻገሩም። በግንድ ወይም በታንኳ፣ ማዶው በዓይን እየታያቸው መሻገር ይችሉ ነበር። ሌላው መንገድ በሲና በኩል ያለው የየብስ መንገድ ነው።

በሌሎች ቦታዎች ግን ባሕሩ በእርግጥ መንገድ ለቋል። በሳይቤሪያና በአላስካ መካከል ያለው የቤሪንግ ወሽመጥ ዛሬ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ያን ጊዜ ግን ማሞትና ፈረስ የሚግጡበት ሰፊ የሣር ምድር ነበር። ወደ አሜሪካ የገቡት የመጀመሪያ ሰዎች ዘራቸው የሚመዘዘው ከዚያ አካባቢ ነው። ጃቫ፣ ሱማትራና ቦርኒዮ ከእስያ ጋር አንድ የብስ ነበሩ። አውስትራሊያና ኒው ጊኒም እርስ በርስ ተያይዘው ነበር፤ በሁለቱ የብሶች መካከል ግን ምንጊዜም ጥልቅ ባሕር ስለነበረ፣ ከ50,000 ዓመት በፊት እዚያ የደረሰው ሰው ባሕር መሻገሪያ ነበረው ማለት ነው። እንግሊዝም ደሴት አልነበረችም። በ1931 እ.ኤ.አ. በሰሜን ባሕር መረቡን የጎተተ አንድ የዓሣ መርከብ ከወለሉ ባወጣው የብስባሽ ጓል ውስጥ ከአጋዘን ቀንድ የተቀረጸ የጦር ጫፍ ተገኘ። ሰው አድኖ የኖረበት አገር ከባሕር ሥር ተኝቷል። ውሃው ተመልሶ የሸፈነው ከ8,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ውሃው ሲመለስ ደግሞ ሁልጊዜ ቀስ እያለ አልነበረም። ከ14,500 ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ከ12 ሜትር በላይ ወጥቷል። ሜዳማ ዳርቻ ላይ የሚኖር ሰው አያቱ ያደነበትን ቦታ ባሕር ሲውጠው በዕድሜው ያይ ነበር።

የሞጣ ልጅ

ስለ እኛ አካባቢ አንድ ልጨምር። የሞጣ ዋሻ ሰው የሚባለው ጥንታዊ አጽም የተገኘው በእኛ አገር አይደለም እንዴ? ሬዲዮ ላይ ሰምቼ በጣም ኮርቼ ነበር።

ዳሞት

ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ያ ሌላ ነው። ስሙ ተመሳስሎ ብዙ የጎጃም ሰው እንዲህ ያስባል። ሞታ የሚባለው ዋሻ ጋሞ ውስጥ ነው። እዚያ የተቀበረው ሰው 4,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ባይራ ብለው ሰይመውታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የዘረ መል (ዲ ኤን ኤ) መረጃው ሙሉ በሙሉ ሲነበብ ከአፍሪካ በዚህ መልክ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ሆነ። ትልቅ ነገር ነው፤ ከበረዶ ዘመን ግን በብዙ ሺህ ዓመታት ያንሳል።

ለእኛ ቅርብ የሆነውን ልንገርህ። በመተማ በኩል ሽንፋ የሚባል የአባይ ገባር ወንዝ አለ። በዳርቻው 74,000 ዓመት የሆነው የሰው መኖሪያ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዘመኑ በኢንዶኔዥያ የቶባ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ነው፤ ከዚያ የመጣ በዓይን የማይታይ የብርጭቆ ቅንጣት በአፈሩ ውስጥ ተገኝቷል። አየሩ ይበልጥ ሲደርቅ ሰዎቹ ቦታውን ጥለው አልጠፉም። ወንዙ በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን፣ በኩሬው የታጎረውን ዓሣ ከበፊቱ አብዝተው መብላት ጀመሩ። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነሥተው የደረቀ ወንዝ ራሱ የስደት መንገድ ሊሆን ይችላል ይላሉ። እኔ ይህን ሐሳብ እቀበለዋለሁ። ሰው ወደ ሩቅ አገር የሚሄደው የግድ ምድሩ ሲለመልም ብቻ አይደለም፤ ቆላ ወርዶ በበጋ የወንዝ ኩሬ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ጅብራ

ስለ ጮቄ ማንም አልመለሰምና እኔ ልሞክር። ደጋውን በእግሬ ዞሬዋለሁ።

በዚያ ዘመን የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ከዛሬው በአምስት ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዙ ነበር። መቶ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ አምስት ዲግሪ ማለት 800 ሜትር ከፍ እንደ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ዛሬ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዷ ያን ጊዜ የ3,250 ሜትር ብርድ ነበር። አባቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው የለዩት መደብ ሁሉ ወደ ታች ወርዶ፣ ዛሬ ጤፍ የሚዘራበት ሜዳ ጓሳና አስታ የሚበቅልበት ነበር ማለት ነው። መምህር ድንቹን የመታው ውርጭ በዚያ ዘመን እስከ ማርቆስ ይወርድ ነበር።

በስሜንና በባሌ ደግሞ እውነተኛ የበረዶ ግግር ነበረ። ግግሩ እየገፋ የከመረው ድንጋይ ዛሬም በቦታው አለ። በባሌ የሚደንቀው ግን ሰዉ ነው። ፊንጫ ሀበራ በሚባል የዋሻ ጥግ፣ 3,470 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ኖረዋል። ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ መሣሪያቸውን የሚሠሩበትን ባልጩት የሚያመጡት ከ4,200 ሜትር በላይ፣ ከበረዶው አፋፍ ነበር።

ጮቄ ላይ ቆመው ያሉትን ጅብራዎች ሳይ አንድ ነገር ይሰማኛል። ጅብራ የብርድ ተክል ነው። ቅዝቃዜው ሲወርድ የተራሮቹ ብርዳማ መሬት ሰፍቶ ተቀራረበ፤ ሙቀቱ ሲመለስ ደግሞ ወደ ጫፍ እየሸሸ እንደ ደሴት ተለያየ። ቀይ ቀበሮም እንዲሁ ነው። ከሰሜን ተኩላዎች ጋር ቅርብ ዘመድ ነው፤ ብርዳማው የሣር ምድር ሰፊ በነበረበት ዘመን ተስፋፍቶ፣ በኋላ በየተራራው ተነጥሎ ቀረ። በጮቄም ይኖር እንደነበር ተመዝግቧል፤ ዛሬ ግን የለም። በመላው አገሪቱ የቀረው 500 ገደማ ነው። ማረሻው እስከ ጫፍ ሲወጣ የሚሸሽበት ሌላ ከፍታ አላገኘም።

የቅኔ ተማሪ

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሁሉንም በጥሞና አነበብኩ። ዲማ ላይ ቅኔ የምቆጥር ተማሪ ነኝ። የምትጠሩት ቁጥር ከዓመተ ዓለም ቆጠራችን ጋር ስለማይገጥም ጉዳዩን ለመምህራኖቼ አቀርበዋለሁ፤ እዚህ ለመከራከር አልመጣሁም። የምጠይቀው ስለ ግዮን ነው። ጣና ደርቆ ከነበረ አባይም ደርቆ ነበር ማለት ነው? ደግሞስ የጭቃ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

ደንገል

መልካም ጥያቄ ነው፤ በአክብሮት ስለጠየቅህም አመሰግናለሁ። ዕድሜው የሚታወቀው በጭቃው ውስጥ ከቀረው ተክል ነው። ሕይወት ያለው ሁሉ ካርቦን 14 የሚባል ነገር ይይዛል፤ ከሞተ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ እኩሌታው ይጠፋል። የቀረው ተለክቶ ዘመኑ ይሰላል።

አባይ ግን ጨርሶ አልደረቀም። ሱዳን ድንበር ከሚደርሰው የአባይ ውሃ ውስጥ ከጣና የሚወጣው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረውን የሚሰጡት በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስ፣ በለስና ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች ናቸው። በበረዶ ዘመን እነዚህ በክረምት እየደፈረሱ፣ ደኑ የተራቆተውን ተራራ እየጠረጉ፣ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ ተሸክመው ይወርዱ ነበር፤ በበጋ ግን ይጠፉ ነበር። ነጭ አባይም ቪክቶሪያ ስለደረቀ በበጋ የሚደግፈው ውሃ አልነበረውም። በግብፅ የነበረ ሰው በክረምታችን ጎርፍ፣ በበጋችን ደግሞ እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ ነበር የሚያየው። ዝናቡ ሲመለስ ግን ሁሉም በአንድነት ሞላ፤ ሰሃራ ሣር አበቀለ፣ ዝዋይና ሻላም ተያይዘው አንድ ሰፊ ሐይቅ ሆኑ።

የሲናን መምህር

ዛሬ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ከየቤታቸው የከብት ማሰሪያ ገመድ እንዲያመጡ አድርጌ አንዱን ከአንዱ አስቀጥለን 120 ሜትር አደረስነው፤ ከክፍላችን በር ተነሥቶ አጥሩን አልፎ እስከ መንገዱ ደረሰ። ከዚያ ከበሩ 14 ሜትር ለክተን ቀይ ጨርቅ አሰርንበት፤ የጣና ጥልቀት እስከዚያ ድረስ ነው አልኳቸው። ማንም አልተናገረም። ልጆቹ ጨርቁን ያያሉ፤ ዞረው ደግሞ መንገዱ ላይ ያለውን የገመዱን ጫፍ ያያሉ።

ያቺው ልጅ የገመዱን ጫፍ እንደያዘች ሌላ ጥያቄ አመጣች። ጣና ደርቆ ከነበረ፣ ዓሣው ከየት መጣ?

ደንገል

መምህር፣ ይህቺ ልጅ የት ትደርስ ይሆን!

ዓሣው ከወንዝ መጣ። ሐይቁ ሲደርቅ ወደ እሱ በሚወርዱት ወንዞች ውስጥ የተረፈው ዓሣ፣ ውሃው ሲሞላ ሰፊ ባዶ ቤት አገኘ። ከታች በአባይ በኩል ሌላ ዓሣ እንዳይመጣ ጢስ አባይ ፏፏቴ ይዘጋዋል። ስለዚህ ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን በጣና ውስጥ ብቻውን ተባዛና ተለያየ፤ አንዱ ሌላ ዓሣ አዳኝ፣ አንዱ ከጭቃ ለቃሚ፣ አንዱ ተክል በል ሆነ። ዛሬ ከጣና በቀር በየትም የማይገኙ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች አሉ፤ ገበያ ላይ ሁሉም በአንድ ስም ይሸጣሉ። አፋቸውን ብቻ ብታዩ ልዩነቱን ትለያላችሁ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች የዞረ ነው።

ግማሽ ያህሉ ዛሬም ለመራባት ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ክረምቱ ሊያበቃ ሲል በጉማራና በሌሎቹ ገባሮች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ መረብም የሚዘረጋው እዚያው ነው። እንቁላል የያዘችው ሳትወጣ ትያዛለች። ነሐሴና መስከረም ላይ የወንዞቹ አፍ ከመረብ ነጻ ቢሆን ምን ያህል ዓሣ ወደ ወንዙ ይወጣ እንደነበር፣ ልጅቷ ባሕር ዳር ስትመጣ በጀልባ ወስጄ አሳያታለሁ።